የፓርቲው ግቢ አፈር

በዚያ ቀን መካነ ሰላም ችግኝ ጣቢያ የነበርነውን በስም ልጥራ። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ «እኔ አልነበርኩም» የሚለው ሰው በጣም ስለበዛ፣ ጣቢያው ያን ቀን ባዶውን የዋለ ሊመስል ነው።

ጓድ ታደገ ነበሩ፤ የአውራጃው የፓርቲ ኃላፊ፣ ለዝናብም ቢሆን መመሪያ መስጠት የሚችሉ ሰው። ጋሽ ይመር ነበሩ፤ የጣቢያው ፎርማን፣ በንጉሡ ዘመን የአውራጃ ገዥው አትክልተኛ የነበሩ። ይህንን የረሳላቸው ሰው አልነበረም። እትዬ ዘሀራ ነበሩ፤ ከረጢት በአፈር የሚሞሉት ሴቶች አለቃ፣ በወንፊታቸው አፈር፣ በምላሳቸው ሰው የሚያበጥሩ። በላይ ነበረ፤ ከደን ትምህርት ቤት ወጥቶ ገና በዚያው ዓመት የተመደበልን ወጣት ባለሙያ። የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ዘበኛ አባባ ውብሸት ነበሩ፤ እሳቸው ነገሩ ውስጥ የሚገቡት ከቀትር በኋላ ነው። እኔም ነበርኩ፤ ካሳው፣ ውሃ አጠጪው። ሌሎች ሠራተኞችም ነበሩ፤ ግን ሲያቀረቅሩ ስለዋሉ የሚመሰክሩት ስለ ሰው ጫማ ብቻ ነው።

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት እስክደግም ተማርኩ፣ ዘመናዊውን ስምንተኛ ክፍል ላይ ድርቁ አስቆመኝ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ጽሑፍ ሁሉ አነባለሁ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለውን ሳይቀር። በሰው ፊት ግን አልናገርም ነበር። ስብሰባ ላይ ተራዬ ሲደርስ «የተባለውን እደግፋለሁ» እላለሁ፤ በዚያ ዘመን ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ለአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ስንቅ ትሆነው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከድርቁ በኋላ ተራሮቻችን ደን እንዲለብሱ ታዘዘ። የሚለብሱት ደግሞ ፓቱላ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ረጅም መርፌ የቀጠነ የባሕር ማዶ ዛፍ። ዘሩ ታጥቦ፣ መድኃኒት ተቀብቶ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ መጣ። አምባሳደር እንኳ እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ አገር አይገባም።

ጋሽ ይመር እንደ ልማዳቸው አደረጉ። በአባቴ በኩል የደብሩን ሽማግሌዎች አስፈቅደው ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድና ወይራ ሥር አፈር አስመጡ፤ ፍግና አሸዋ ቀላቀሉበት፤ እትዬ ዘሀራ ነፉት፤ ሴቶቹ ከታች ቀዳዳ ባላት የፕላስቲክ ከረጢት ሞሉት። በዚሁ አፈር የሐበሻ ጥዱ ጸደቀ፣ ወይራውም ጸደቀ። ፓቱላው ግን ጣት አከለና ቆመ። ቢጫ ሆነ፣ ጫፉ ወደ ሐምራዊ አደላ። ጋሽ ይመር ፍግ ጨመሩለት። ጥላ ሠሩለት፤ ጥላውን አነሱለት። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ያነጋግሩት ጀመር።

ቢጫ ያልሆነው ከረጢቶቹ ከተደረደሩባቸው መደቦች የመጀመሪያው ራስጌ ብቻ ነው። ይህ ቦታ ታሪክ አለው። ፓቱላው የተዘራ ዕለት በዓል ነበር። ጓድ ታደገ «የመጀመሪያዎቹ ከረጢቶች በአብዮቱ አፈር መሞላት አለባቸው» ብለው ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት ግቢ በትልቅ ሳህን አፈር አስመጡ፤ በገዛ እጃቸው ሞሉ፤ አጨበጨብን፤ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረን ቀይ ቀለም ቀባን። እነዚያ ችግኞች ለመለሙ። ያለ አንዳች ኀፍረት ለመለሙ።

የማልረሳው ቀን ከደሴ የበላይ አካል ሊጎበኘን በሚመጣበት ዋዜማ ነው። ጓድ ታደገ በማለዳ መጡና መደቡን ተመለከቱ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«ችግኝ ነው፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ይመር።

«ችግኝ መሆኑንማ አየሁ። ቀለሙን ነው የጠየቅኩህ።» ጋሽ ይመር በዕድሜ አባታቸው ይሆናሉ፤ ግን አንቱታ ከፊውዳሉ ሥርዓት ጋር አብሮ ተወግዶ ነበር።

«ታሟል፣ ጓድ።»

«ይኼኛውስ ለምን አልታመመም?» ወደ ራስጌው አመለከቱ።

ጋሽ ይመር በየዋህነት፣ «እሱንማ እርስዎ ነዎት የሞሉት» አሉ።

ጓድ ታደገ ወደ እኛ ዞሩ። «ሰማችሁ? ራሱ መሰከረ። አንድ ዘር፣ አንድ ውሃ፣ አንድ ፀሐይ። በእኔ እጅ የገባው ለመለመ፣ በእሱ እጅ የገባው ቢጫ ሆነ። ልዩነቱ እጁ ነው። የማን እጅ እንደሆነ ደግሞ እናውቃለን፤ የገዥውን ጽጌረዳ ሲኮተኩት የኖረ እጅ ነው። ይህ አሻጥር ይባላል።»

ያችን ቃል የዛሬ ልጆች እንደ ቀልድ ይሰሟት ይሆናል። ያኔ ከዚያች ቃል እስከ ደሴ እስር ቤት ያለው መንገድ አንድ መኪና ነበር። ከዚያ ልብሱ ብቻ ለቤተሰብ የተመለሰ ሰው መካነ ሰላም ውስጥ ሁላችንም እናውቃለን።

ጋሽ ይመርን የመሣሪያ መጋዘን ውስጥ አስገቧቸው። ጓድ ታደገ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። «ነገ እንግዶቹን ባመጣው መኪና ይሄዳል» አሉና፣ እንግዶቹ የሚያዩት ራስጌ ድንጋዩ እንደገና ቀይ እንዲቀባ አዘው ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። መጋዘኑ ውስጥ ጋሽ ይመር ሲያስላቸው ይሰማናል። እኛም ቀለሙን እናማስላለን።

እትዬ ዘሀራ በላይንና እኔን ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ጠሩን።

«አንተ ልጅ» አሉት በላይን፣ «ደን ተምረህ የመጣኸው ዝም ለማለት ነው? እሱንማ ካሳው ሳይማር ይችለዋል።»

በላይ ፊቱ ቀላ። «የምጠረጥረው አለ፣ እትዬ። ግን በመጽሐፍ ነው እንጂ በዓይኔ አላየሁትም።»

«በዓይኑ ያላየውን እየተናገረ ሰው የሚያሳስር አለ። አንተ ለማስፈታት ብትናገር ምን ትሆናለህ?»

«ፓቱላው ፈንገስ ጎድሎት ይሆናል» አለ በላይ።

«ፈንገስ ማለት?»

«እንደ ሻጋታ ያለ ነገር።»

«ያረቢ። ሻጋታ ጎድሎት ነው የምትለኝ? እኔ ቤት ሞልቷል፤ ልላክለት?»

በላይ ሳቁን ዋጠና ቁጭ ብሎ አፈር ላይ በጣቱ ሣለ። «ሥር ወፍራም ነው፣ እትዬ። አጠገቡ ያለውን ምግብ ይጨርስና እዚያው ይራባል። አንዳንዱ ምግብ ደግሞ አፈሩን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ በውሃ ታጥቦ ወደ ሥሩ አይመጣም። ፈንገሱ ክር ነው፣ ከፀጉር የቀጠነ። ሥሩ የማይገባበት ስንጥቅ ይገባል፣ ሩቅ ሄዶ ምግቡን ይፈልጋል፣ ለሥሩ ያመጣለታል። ዛፉም በቅጠሉ ከሠራው ስኳር ያካፍለዋል።»

«ቆላ ወርዶ ጨው የሚያመጣ ነጋዴ ነው በለኛ» አሉ እትዬ ዘሀራ። «ጥዱስ ታዲያ ያለ ነጋዴ እንዴት ኖረ?»

«ጥዱም ወይራውም የራሱ አለው። ሌላ ዓይነት ነው፤ ሥሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚኖር በዓይን አይታይም። ከቤተ ክርስቲያኑ አፈር ጋር አብሮ መጥቶላቸዋል። ለፓቱላ ግን እሱ አይሆነውም። የሱ ነጋዴ እዚህ አገር የለም፤ ዘሩን አጥበው ብቻውን ላኩት። ያልገባኝ ግን ራስጌው ነው። ያ ለምን ለመለመ?»

ይህን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው። «አጠገባቸው ያሉትም ለምልመዋል» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

«የትኞቹ?» አለ በላይ።

«ከቀዩ ድንጋይ ውጪ ያሉት፤ ጋሽ ይመር የሞሏቸው። መጀመሪያ የሚነኳቸው፣ ቀጥሎ ደግሞ ከእነዚያ ወዲህ ያሉት። ወደ ውጭ እየሰፋ ነው። ወደ ቦዩ በኩል ይበልጣል፤ እዚያ ከረጢቶቹ ተጠጋግተዋል። ሳጠጣ አየዋለሁ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

እትዬ ዘሀራ እጄን ይዘው ወደ መደቡ ገፉኝ። «አብሽር የቄሱ ልጅ፣ አይበላህም። አሁን ማንም ሳይጠይቅህ ተናገር።»

መጀመሪያ የተናገረው በላይ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ እንደ ፈተና መልስ፣ ሥሩንና ፈንገሱን አብራራ። ጓድ ታደገ እስኪጨርስ ሰሙት፤ ይህ ያልተለመደ ስለሆነ ሁላችንም ፈራን።

«ጥሩ» አሉ። «እንግዲህ ለደሴ ሪፖርት ስጽፍ ምን ልበል? ‘ሻጋታ በወቅቱ ስላልቀረበልን ዕቅዱ ተስተጓጉሏል’ ልበል?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፤ መሳቅ ግዴታ ነበር። ሳቁ ሲቆም እኔ ቆሜ ነበር። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም፤ ቆሜ ግን ዝም ማለት ከመቀመጥ የባሰ ሆነብኝ። ያየሁትን ነገርኳቸው። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። በጣቴ እያሳየሁ፣ ይህ በእርስዎ የተሞላ፣ ይህ በጋሽ ይመር የተሞላ፣ ይህም፣ ይህም፤ ሁሉም አረንጓዴ።

ጓድ ታደገ ከወንበራቸው ተነስተው ጎንበስ አሉ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ፊታቸው ላይ ያልጠበቅነው ደስታ መጣ።

«ተዛመተ ማለት ነው» አሉ።

የአብዮቱ ልምላሜ ከእሳቸው ከረጢት ተነስቶ ወደ ሰፊው ሕዝብ እየደረሰ ነበር። ከዚያ በላይ ማስረጃ ምን ይፈለጋል? በላይ ግን የተማረ ሰው ስለሆነ እዚያ ላይ ማቆም አልቻለም። «ሥራቸውን እንየው» አለና ከእሳቸው አንድ አረንጓዴ፣ ከቢጫዎቹም አንድ አንስቶ ከረጢቱን በምላጭ ቀደደ። አፈሩን በውሃ አራገፈ።

የቢጫው ሥር ንጹሕ ነበር፤ እንደ ታጠበ ክር። የጓድ ታደገ ችግኝ ሥር ግን አጫጭር ሆኖ እንደ ሹካ ሁለት ሁለት እየሆነ የተከፈለ፣ ያበጠ፣ ዙሪያውን ነጭ ነገር የለበሰ ነበር። ነጩ ነገር በከረጢቱ የታች ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ጎረቤቱ ሄዷል።

ጓድ ታደገ ቀና አሉ። ደስታቸው የለም። «ይህ ሻጋታ ነው።»

«አዎ፣ ጓድ» አለ በላይ በደስታ።

«የእሱ ሥር ንጹሕ ነው፤ የእኔ ግን ሻግቷል።»

«አዎ፣ ጓድ።»

«የእኔን ማን አሻገተው?»

በላይ የሚያስረዳው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ያን ጊዜ ገባው። አንዱ አሻጥር ሁለት ሆነ። እትዬ ዘሀራ ከኋላዬ «ወላሂ ይህ ልጅ መጋዘኑ ውስጥ ለራሱም ቦታ እያስያዘ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ ጮክ ብለው፣ «ጓድ ታደገ፣ አፈሩ የመጣው ከእርስዎ ግቢ አይደል? ግቢው ሄደን ብናየው አይሻልም? እዚያም ካለ ማንም አላመጣውም፤ የቤቱ ነው» አሉ።

የፓርቲው ግቢ ውስጥ አሻጥር ሊኖር አይችልም። ይህንን ራሳቸው ጓድ ታደገ በየሳምንቱ ይነግሩን ነበር። ስለዚህ ሄድን።

ግቢው ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው። አፈር ያለው ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ብቻ ነው። ሳህኑ የተሞላውም ከዚያ ነው። በዚያ ዛፍ አጠገብ ስንት ጊዜ አልፌ፣ ቀና ብዬ ቅጠሉን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ረጅም መርፌ። በላይ አፉን ከፍቶ ቀረ። በአውራጃው ውስጥ የቆመው ብቸኛው ትልቅ ፓቱላ የፓርቲው ጣራ ላይ አጥልቶ ቆሟል፤ እኛ ከባሕር ማዶ ዘር እናስመጣለን።

አባባ ውብሸት ዱላቸውን ይዘው መጡ። «ጓድ፣ እዚህ መቆፈር ክልክል ነው።»

«ማን ከለከለ?»

«እርስዎ።»

ጓድ ታደገ ክልከላውን አነሱ። በላይ ተንበረከከ። የረገፈውን መርፌ ገለጥ ሲያደርግ ከሥሩ ያለፈው ዓመት በዓል መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ወጣ፤ አንድ ሰው እዚያ ወርውሮት በስብሷል። ነጫጭ ክሮች በጨርቁ ውስጥ አልፈው ሄደዋል። «ወደፊት» የሚለው ቃል ይነበብ ነበር። በላይ እሱን ቶሎ አገላብጦ አስቀመጠው።

ከዚያ በታች ያየሁትን እንዴት ልንገራችሁ። ሥሩ አለ፣ ሹካ ሹካ ሆኖ፤ የሚያበቃበትን ቦታ አየሁ። እሱ ያበቃበት ላይ ግን ክሩ አላበቃም። እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ፣ እየቀጠነ፣ እየተሰነጠቀ፣ ቀዩን አፈር ውስጥ ለውስጥ ይዞታል። አንድ ጓል አንስቼ በእጄ ከፈልኩት፤ ውስጡም አለ። ሌላ ከፈልኩ፤ አለ። አንድ ድንጋይ ሥር የሚገባበት መንገድ የለም ብዬ አነሳሁት፤ እዚያም ቀድሞኝ ገብቷል።

«ይኼማ እኔ የማውቀው ነው» አሉ አባባ ውብሸት። «ክረምት ሲመጣ እዚህ የጅብ ጥላ ይበቅላል። ሰው ሳያየው ረግጬ አጠፋዋለሁ፣ ‘ፓርቲው ግቢ የጅብ ጥላ በቀለ’ እንዳይባል።»

«አባባ፣ እሱ እኮ የዚህ ክር ፍሬ ነው» አለ በላይ።

«ፍሬ ነው? እንግዲህ ስንት ዓመት ፍሬ ረግጫለሁ።»

ጓድ ታደገ ክሩንና ጽሕፈት ቤቱን እያፈራረቁ አዩ። ሲያሰሉ ይታያል። ሻጋታው ከፓርቲው ግቢ ከሆነ ሻጋታ ሊባል አይችልም። «ነገ እንግዶች ፊት የምናገረውን ጻፍልኝ» አሉት በላይን፣ «ሻጋታ የሚለውን አታስገባ።»

«ጋሽ ይመርስ?» አልኩ። ያን ቀን አፌ አንዴ ከተከፈተ በኋላ የሚዘጋው አልተገኘም።

«ሄደን እናነጋግረዋለን።»

ወደ ጣቢያው ስንመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ጓድ ታደገ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ መጋዘኑ ሄዱ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሸሽተው ከሆነ አሻጥሩ ተረጋገጠ፤ ሥርም ክርም አያድናቸውም።

ጋሽ ይመር ግን መደቡ ላይ ናቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውን ቢጫዎቹን ውሃ ያጠጣሉ።

«ማን ከፈተልህ?» አሉ ጓድ ታደገ።

«እንጃ፣ ጓድ። ተከፍቶ አገኘሁት። የውሃ ሰዓቱ አልፏል፣ ካሳውም የለ።»

«ለምን አልሄድክም?»

ጋሽ ይመር ጥያቄው አልገባቸውም። «ወዴት?» አሉ።

ጓድ ታደገ ቁልፉን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ፣ «ግቢያችን ያለውን ዛፍ የተከልከው አንተ ነህ?» አሉ።

ግቢው በንጉሡ ዘመን የገዥው ስለነበር፣ ለአንድ የገዥ አሽከር ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ጋሽ ይመር ማጠጫውን አስቀመጡ። «እኔ ነኝ። ስሙን ሳላውቅ ከደሴ በጣሳ ነው ያመጣሁት፣ ከነአፈሩ። ገዥው ‘ያንን አፈር አራግፈህ በጥሩ አፈር ትከል’ ብለውኝ ነበር። አሳዘነኝ። የለመደውን ይዞ ይግባ ብዬ ከነአፈሩ ተከልኩት።»

በላይ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። አንዲት ጣሳ አፈር፣ በአንድ ሰው ርኅራኄ ምክንያት፣ ከሁለት መንግሥት የተሻለ የደን ሥራ ሠርታ ነበር።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። ጓድ ታደገ አስረዱ፤ በላይ ከጻፈው የቀረ ነገር ቢኖር የበላይ ስም ብቻ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ፣ «ይህ ጠቃሚ ፈንገስ በአውራጃችሁ በብዛት የሚገኘው የት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጓድ ታደገ ደረታቸውን ነፍተው፣ «በፓርቲው ጽሕፈት ቤት» አሉ። እትዬ ዘሀራ ወንፊታቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ወጡ። መኪናው ያለ ጋሽ ይመር ተመለሰ።

ከዚያ ዘመቻ ታወጀ። ከተማው ሁሉ ጆንያ ይዞ የፓርቲውን አፈር አጋዘ። ጋሽ ይመር «ለአንድ ከረጢት ቁንጥር ይበቃል፣ ሥሩን ተዉለት» ብለው ለመኑ። ዕቅዱ ከቁንጥር በላይ ነበር። ቢጫው ሁሉ እየቆየ ለመለመ። በሚቀጥለው ክረምት ግን፣ ሥሩ ባዶ የቀረው ትልቁ ፓቱላ በመጀመሪያው ንፋስ በጽሕፈት ቤቱ ጣራ ላይ ተኛ። ሰው አልነበረም፤ ቆርቆሮው ብቻ ነው የተጎዳው። ከደሴ አጣሪ መጣ። «ቁፋሮውን ያዘዘው ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሠራተኛው በሙሉ፣ በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአንድ ድምፅ እውነቱን ተናገረ። ጓድ ታደገ ተዘዋወሩ ተባለ። ወዴት እንደሆነ አልተነገረንም። ጋሽ ይመር የወደቀው ግንድ አጠገብ ቆመው እንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ፤ ስለ ጓድ ታደገ እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ።

እናንተ አንባቢዎች «ታዲያ አንተን ምን ለወጠህ?» ትሉ ይሆናል። እኔ ጀግና አልሆንኩም። ቢጫ ነገር ባየሁ ቁጥር ግን አሁን እጠይቃለሁ፤ ስጠየቅ ሳይሆን ሳይ እናገራለሁ። በላይ ሲዛወር የእንግሊዝኛ የደን መጽሐፉን ትቶልኝ ሄደ፤ በመዝገበ ቃላት እየተደገፍኩ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ዛሬም እዚያው ጣቢያ ነኝ፤ ተዳፋቱ ላይ የቆሙት ፓቱላዎች ሥር በየክረምቱ የጅብ ጥላ ሲበቅል አባባ ውብሸት መጥተው ያዩታል፣ እግራቸውን ሰብስበው።

አንድ ነገር ግን እስካሁን አላውቅም። ቁልፉ አንድ ነበር፣ እሱም ከጓድ ታደገ ኪስ አልወጣም። እትዬ ዘሀራን ስንቴ ጠየቅኳቸው፤ «አላህ ነው የከፈተው» ብለው መንፋታቸውን ይቀጥላሉ። እሳቸው ደግሞ ያን ቀን ከእኛ ጋር ግቢው ነበሩ። ስለዚህ ቀለም ስትቀቡ ጣቢያው የቀራችሁ፣ ስትታዩ ያቀረቀራችሁ፣ ስማችሁን ከላይ ያልጠራሁላችሁ ሰዎች፤ የጎደለውን ጨምሩበት። በሩን የከፈተው ማን ነው? አሁን የሚያስር የለም። የጻፍኩትን ላርመው፣ ስሙንም ከላይ፣ ከሁላችን ፊት ላስገባው።